ልጄ የሰጠችው የቤት ሥራ

የተማሪውን ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ሌላ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ "ሕዝቡ ደበደበው" ብሎ ስለሚያልፍ ነው። ሕዝቡ የሚባል ሰው አላውቅም። የመታ ሁሉ የየራሱ እጅ አለው። የመጀመሪያውን ምት ያሳረፍኩት እኔ ነኝ፤ በፌሮ ብረት፣ ቀኝ ክንዱን፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ። ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

የምኖረውም የምሠራውም መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ነው። ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከነጓዳዋ፣ አንድ የብረት መያዣ ሞርሳ፣ ሁለት መዶሻና ከበርሜል ላሜራ የከሰል ምድጃ የመሥራት ሙያ ነው። ከተቀበረ ሳምንት ሳይሞላው ሁለት ሰዎች መጡ።

"እትዬ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው። ቦታውን ይልቀቁልን" አሉኝ። አንደኛው እግሩን ሞርሳው ላይ ሰቅሎ ነበር የሚያወራው። እግሩን በመዶሻ መታሁት። ከዚያ ወዲህ ቦታው የማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው። መማታት ግን ማንም አላስተማረኝም። ለመኩራራት አይደለም የጻፍኩት። በኛ ተራ ሰው ቦታውንም ሚዛኑንም ወረፋውንም የሚያስከብረው በእጁ ነበር፤ እኔም ፍትሕ የምለው ነገር ሁሉ ከእጄ ርቆ አያውቅም ነበር።

ልጄ በዚያች ሱቅ ጓዳ አደገች፤ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ተመርቃ እዚያው አስተማሪ ሆነች። የምታስተምረው ኮምፒውተር ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በየክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚከፈትበት፣ ተማሪው ብዙ አስተማሪው ጥቂት የሆነበት ጊዜ ነበር። ከኮምፒውተርም ለይታ የያዘችው የመረጃ ደህንነት የሚባለውን ትምህርት ነው። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት፣ "እማዬ፣ አንቺ ሱቅሽን ቆልፈሽ እንደምትገቢው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነገር እንዴት እንደሚቆለፍ ነው የማስተምረው" አለችኝ።

"ቁልፉ ማን እጅ ነው ያለው?" አልኳት።

ሳቀች። "ይሄንን እኮ ነው ፈተና ላይ የማወጣው።"

ከባሏ ስትለያይ ሕፃን ልጇን ይዛ ወደ እኔ ተመለሰች። እኔም አያት ሆኜ እንደገና የሚያለቅስ ልጅ ቤቴ ገባ። ዩኒቨርሲቲው በክፍለ ሀገር ከተሞች ላሉ ተማሪዎች በኢንተርኔት ማስተማር ሲጀምር ያንን ክፍል ለእሷ ሰጧት። በየዓመቱ የሚታደስ ውል ነበር ያላት እንጂ ቋሚ አልነበረችም፤ የሰጧትን ሁሉ "እሺ" ትል ነበር። የግቢው መስመር ቀን ቀን ስለሚጨናነቅ፣ ከጎረቤታችን ኢንተርኔት ካፌ ገመድ አስጎትታ፣ ጓዳዬ ውስጥ ላፕቶፗን በተደራረበ የዘይት ቆርቆሮ ላይ አስቀምጣ ታስተምር ጀመር። መስመሩ ምስል አይችልም። ተማሪዎቹ የሚሰሙት ድምፅዋን ብቻ ነው፤ ድምፅዋንና መዶሻውን።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ሲል በሩ ላይ ወጥቼ "ትምህርት ነው!" እል ነበር። በአጠገቤ ያሉት መዶሻቸውን ያስቀምጣሉ። ራቅ ያሉት ወይ አይሰሙኝም፣ ወይ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

"እትዬ፣ ልጆቹ ቀጥቃጭ ሆነው ተመርቀው ቦታ እንዳይሻሙን!" ይለኛል ፊት ለፊቴ ያለው በርሜል ቀዳጅ።

"አንተን የሚተካ ቢመጣማ ደስ ይለኝ ነበር" እለዋለሁ።

ተማሪዎቹ ይህ የምን ድምፅ ነው እያሉ ሲያስቸግሯት፣ "ምን አለሽ ተራ ነኝ፤ እናቴ ምድጃ ትሠራለች" ብላ ነገረቻቸው። ጓዳ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ስላላፈረችብኝ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን የባንክ ካርዴን የምስጢር ቁጥር በከሰል ግድግዳዬ ላይ ጽፌው አገኘችው። እንደዚያ ቀን ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ፍቃ ፍቃ ቀለሙን አነሳችው። በዚያው ንዴቷ የጎረቤት ሴቶችን ሰብስባ ልክ እንደ ተማሪዎቿ አስቀመጠችን።

"ከባንክ ነኝ ቢላችሁ፣ ከመንግሥት ነኝ ቢላችሁ፣ ባጅ ቢያንጠለጥል፣ ክራቫት ቢያስር፣ ቁጥራችሁን የጠየቃችሁ ሰው ሌባ ነው። ባንክ ቁጥር አይጠይቅም። ያን ጊዜ መልስ አትስጡት። ጩኹ።"

"ምን ብለን ነው የምንጮኸው?" አለች ከጎኔ አሮጌ ጀሪካን የምትሸጠው ጎረቤቴ። ከስልጤ የመጣች፣ ቀልደኛ፣ ለእኔ እንደ እህት የሆነች ሴት ናት።

"ሌባ በሉ።"

ልጄ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ነው ያደገችው። በኛ ተራ "ሌባ" ተብሎ ሲጮህ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ማን ሰረቀ፣ ምን ሰረቀ ተብሎ አይጠየቅም። የሰማ ሁሉ ይመታል። ያልመታ ሰው የሌባው ግብረ አበር ይመስላል። ሰዓት ሰረቀ የተባለ ሰው ከሱቄ አሥር እርምጃ ላይ ተደብድቦ ሲሞት አይቻለሁ። በማግስቱ ሚስቱ መጥታ ሰዓቱ የራሱ እንደነበረ ነገረችን። ማንም መልስ አልሰጣትም። እኔም አልሰጠኋትም። ልጄ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አይታለች። ብዙ ዓመት ግቢ ውስጥ ስትኖር ጩኸት ሰው ብቻ የሚጠራ መስሏት ይሆናል።

ረቡዕ ቀን ነው። ረፋዱ ላይ አንድ ቀጭን ወጣት መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፤ ደብተር ይዟል። ጎረቤቴ ጀሪካኖች ፊት ቆመ። እኔ የምድጃ ወገብ እያጠፍኩ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ።

"እናቴ፣ ከባንክ ነው የመጣሁት። ካርድዎ እንዳይዘጋብዎ የምስጢር ቁጥርዎን ማረጋገጥ አለብን።"

ጎረቤቴ እሱን አየችው፤ ዞራ እኔን አየችኝ።

"ቁጥሬን?"

"አዎ እናቴ። አራቷን ቁጥር ብቻ።"

"ሌባ!" አለች። "ኧረ ሌባ! ሌባ ያዙልኝ!"

አልሮጠም። ሌባ ይሮጣል። እሱ ግን "አይ፣ አይ፣ አንዴ ይስሙኝ" እያለ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ጩቤ ሊያወጣ ነው አልኩ። ፌሮውን ከሞርሳው ሥር መዝዤ እጁን ከኪሱ ሲያወጣ ክንዱ ላይ አሳረፍኩት። ክንዱ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጠፈ። ጩኸቱ ከመውጣቱ በፊት አፉ ተከፍቶ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የኔ ብቻ አልነበረም። ኩሊዎቹ ሸክማቸውን ጣሉ። አንዱ በሸክም ገመዱ ፊቱን ገረፈው። በርሜል ቀዳጁ ጫማ እንዳደረገ ጎኑ ላይ ዘለለበት። አንዱ ባዶ ጀሪካን እያነሳ ጭንቅላቱን ይቀጠቅጣል፤ ጀሪካኑ ባዶ ስለሆነ ከበሮ ይመስል ነበር። አንድ የማከብረው ባለሱቅ ቁርሱን አስቀምጦ መጣ፤ ሆዱን ሁለቴ ረገጠው፤ ተመልሶ ቁርሱን ቀጠለ። ይህን አልረሳውም። እጁን እንኳ አልታጠበም።

"ተማሪ ነኝ! ተማሪ ነኝ!" ይላል ልጁ።

"የሌባ ተማሪ!" አለ አንዱ። ሳቁ። እኔም ስቄ ይሆናል።

ከኪሱ ያወጣው ነገር እግሬ ሥር ወድቆ ነበር። ጩቤ አይደለም፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው። ለፖሊስ ማስረጃ ይሆናል ብዬ አነሳሁት። ስገልጠው መጀመሪያ ያየሁት ታች ያለውን ፊርማ ነው። ያን ፊርማ አውቀዋለሁ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች በቁርጥራጭ ላሜራ ላይ በምስማር እየጫረች ስትለማመደው አጠገቧ ነበርኩ። ከላይ "የቤት ሥራ" ይላል። "ሰዎች የምስጢር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው አሳልፈው ይሰጣሉ? አሥር ሰው ጠይቁ። ሰበቡን ራሳችሁ ፍጠሩ። ቁጥሩን እንዳትመዘግቡ። ሰጠ ወይም አልሰጠም ብላችሁ ብቻ ጻፉ።"

ቀስ ብዬ ነው የማነበው ብያለሁ። እኔ እያነበብኩ እነሱ እየመቱት ነበር። እያንዳንዱ ቃል ስንት ምት እንዳስቆጠረበት አላውቅም።

"ተዉት!" አልኩ። "የልጄ ተማሪ ነው! ተዉት!" የሰማኝ የለም። ፌሮው እጄ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ኩሊ ጀርባውን አልኩት። በርሜል ቀዳጁን ቁርጭምጭሚቱን አልኩት፤ ወደቀ። ማን እንደሆነ ያላየሁት ሰው አፌን በቡጢ መታኝ፤ ሁለት ጥርሴ ወልቆ አፌ ውስጥ ቀረ፤ ተፋሁትና መምታቴን ቀጠልኩ። ሌላ መንገድ ሲጠፋኝ ልጁ ላይ ተኛሁበት። ጀርባዬን ረገጡኝ። "እትዬ ናቸው! እትዬ ናቸው!" የሚል ድምፅ ሲሰማ እግራቸው ቀዘቀዘ። ያ ድምፅ የጎረቤቴ ነው። "ሌባ" ያለችው እሷ፣ አሁን ሽርጧን እንደያዘች መጥታ ልጁን በብብቱ ያዘችልኝ። ሁለት አሮጊቶች ጎትተን ሱቅ አስገባነው፤ የብረት በሩን ከውስጥ ቀረቀርነው።

በሩን በድንጋይ ይደበድቡት ጀመር።

"ማዘር! ሌባውን አውጪ!"

"ካላወጣሽ ከነሱቁ እናቃጥለዋለን!"

"አቃጥሉ! እኔም አለሁበት!"

"እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የጀመሩት?" አለ በርሜል ቀዳጁ። እያነከሰ መምጣቱን ከድምፁ አወቅኩ።

"እኔ ነኝ የጀመርኩት! የማስቆመውም እኔ ነኝ!"

ልጁ የላሜራ ክምር ላይ ተጋድሟል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ክንዱ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ የሌላ ሰው ይመስላል። ፌሮውን እጄ ላይ ሲያይ በደህና እጁ ፊቱን ሸፈነ። "እማማ፣ አይግደሉኝ" አለኝ።

ፌሮውን ወረወርኩት። "የመምህርህ እናት ነኝ" አልኩት።

ባንድ ዓይኑ ዙሪያውን ተመለከተ። ቆርቆሮውን አየ፤ ምድጃውን አየ፤ የተጎተተውን ገመድ አየ። "እዚህ ነው የምታስተምረን?"

"እዚህ ነው። ለምን መጣህ እዚህ? ከተማው ሙሉ ሰው የለም?"

"ለአጋማሽ ፈተና ነው አዲስ አበባ የመጣሁት። ከአክስቴ በቀር ማንንም አላውቅም።" ደሙን ዋጠ። "መዶሻውን ዓመቱን ሙሉ ስለሰማሁት፣ የማውቀው ሰፈር መሰለኝ።"

ባጁን ገልብጬ አየሁት። የተማሪ መታወቂያው ነው። ጀርባውን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር ያንጠለጠለው።

ፖሊሶች ሲመጡ ሕዝቡ ገለል አለ። ክንዱን በሳጥን እንጨትና በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩለት። ወረቀቱን ለአለቃቸው ሰጠሁት። አገላብጦ አየው።

"ማህተሙ የታለ?"

"ፊርማ አለው። የልጄ ፊርማ ነው።"

"እማማ፣ ፊርማ ማንም ይፈርማል። ሥራ ላይ የወጣ ተማሪ 'ለሚመለከተው ሁሉ' የሚል ክብ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይይዛል። ይሄ ከባንክ ነኝ ብሎ ሲያጭበረብር ነው የተያዘው።"

በፒክአፕ ጭነው ወሰዱት። ሐኪም ቤት ሳይሆን ጣቢያ ነው የወሰዱት።

ልጄ ከሰዓት መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ አመድ መስሎ ጓዳ ገብታ ዘይት ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠች። የደበደብነው ልጅ በኢንተርኔት ክፍሏ ካሉት ሁሉ ጎበዙ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለ ማህተሙ ጠየቅኳት።

"የክፍል ኃላፊው ለስብሰባ ወጥቶ ነበር። ማህተሙ እሱ ጋ ነው ያለው። ጊዜው አልደርስ አለኝ፣ ለፈተና ሲመጡ ፈርሜ ሰጠኋቸው። ምን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።"

"አሁን ምን ይላል ኃላፊው?"

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ኃላፊው ደውሎላታል። ያለ ደብዳቤ የወጣ ሥራ የዩኒቨርሲቲው ሥራ አይደለም ብሏታል። ተማሪዎቹ እንዲሠሩት የታዘዘው በወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ልጁ መንገድ የወጣው በራሱ ፈቃድ ነው ብላ እንድትጽፍ ጠይቋታል። ያንን ከጻፈች ውሏ ይታደሳል። ልጁ ግን ከዩኒቨርሲቲ ይባረራል፤ በማጭበርበርም ይከሰሳል።

"ልትጽፊ ነው?"

"ልጄን በምን ላሳድጋት እማዬ? ምድጃ ልሥራ?"

"የእሱን እናት ምን ልትያት ነው?"

"እናቱን አላውቃትም!"

በጥፊ መታኋት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበረች። አፍንጫዋ ደማ። በመዳፏ እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ፤ አላለቀሰችም።

"ሌላ የምታውቂው ነገር የለም" አለችኝ። "እኔ ወረቀት ነው የሰጠሁት። ብረት ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ዛሬም ታነሺያለሽ፣ ነገም ታነሺያለሽ፤ ጥፋቱን ደግሞ ለሌላው ታካፍያለሽ።"

ውጭ መዶሻዎቹ ሥራቸውን ጀምረዋል።

"ልክ ነሽ" አልኳት። "እኔ ነገ ጠዋት ጣቢያ ሄጄ የራሴን ቃል እሰጣለሁ። አንቺ የራስሽን ታውቂያለሽ።"

ጠዋት ፌሮውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጣቢያ ሄድኩ። ጎረቤቴም አብራኝ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ልጁን የሰበርኩበት ብረት ይሄ ነው። ቃሌን ጻፉ።"

መርማሪው ሻዩን እየጠጣ ነበር። "እማማ፣ እርስዎን የከሰሰ ሰው የለም። ቤትዎ ይግቡ፣ ይረፉ።"

"እሱን የከሰሰውስ ማነው?"

"ጎረቤትዎ ናት።"

"እኔ አልከሰስኩም!" አለች ጎረቤቴ። "ጮህኩ እንጂ አልከሰስኩም። ቁጥር ጠየቀኝ፣ አልሰጠሁትም። ምን ወሰደብኝ? በአላህ ስም፣ አንድ ጀሪካን እንኳ አልጎደለብኝም።"

"ከባንክ ነኝ ብሏል።"

"እኔስ ስንቱን ጀሪካን አዲስ ነው ብዬ ሸጫለሁ! እኔንም እሰሩኛ!"

መርማሪው ሊስቅ ሲል እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ካልጻፋችሁ አልነሳም አልኩ። እኩለ ቀን ሲሆን ሰለቸውና ጻፈ። የመቱትን ሁሉ ስማቸውን ሰጠሁት፤ በርሜል ቀዳጁን፣ ኩሊዎቹን፣ ቁርሱን አስቀምጦ የመጣውን ባለሱቅ። ከሁሉ በላይ አንደኛ አድርጎ የኔን እንዲጽፍ አስጠነቀቅኩት።

"ከዚህ በኋላ እዚያ ሰፈር መኖር አይፈልጉም እንዴ?" አለኝ።

"እዚያ ነው የምኖረው። ለዚህ ነው የምናገረው።"

ቃሌ ከተጻፈ ማሰር ግድ ሆነበት። ሴቶች ክፍል አስገቡኝ። አንዲት ኪስ አውላቂ ነጠላዬን ልትወስድ ስትል እጇን ጠመዘዝኩት፤ የቀረውን ቀን አብረን ተቀምጠን ዋልን። በግድግዳው ማዶ ልጁ ሲያቃስት እሰማለሁ። ክንዱን ገና አላሳከሙትም ነበር። ያንን ድምፅ መስማት ከርግጫው ሁሉ ይብስ ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ ማቃሰት የኔ ናት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ልጄ መጣች። አፍንጫዋ አብጧል። "እናቴን ፍቱልኝ" አለቻቸው።

"ራሳቸው ናቸው የታሰሩት" አለ መርማሪው። "እኛ እየለመንናቸው።"

በሩ ፍርግርግ ነው፤ ተያየን። ነይ አላልኳት፣ ሂጂ አላልኳት። ልጁ ማዶ ሆኖ አቃሰተ። ልጄ ዞር ብላ "ማነው?" አለች።

"ያንቺ ተማሪ ነዋ" አለ መርማሪው።

እጇን ዘርግታ እስክሪብቶውን ከመርማሪው ኪስ ራሷ መዘዘችው። ቆማ ነው የጻፈችው። ስትጨርስ ጮክ ብላ አነበበችው። "ይህን የቤት ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወደ ሰው ሄደው እንዲጠይቁ የላክኋቸውም እኔ ነኝ። ደብዳቤ ሳልሰጣቸው ነው የላክኋቸው። ተማሪው የታዘዘውን ነው የሠራው።" ፈረመችበት።

"ማህተም የለውማ" አለ መርማሪው፤ አሁን ግን ድምፁ ሌላ ነበር።

"የለኝም። እኔ ራሴ ግን አለሁ። ከፈለጋችሁ እኔንም አስገቡኝ።"

ልጁን በዚያው ምሽት ሐኪም ቤት ወሰዱት። እኔን በማግስቱ በዋስ ለቀቁኝ። የማጭበርበሩ ክስ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ሰበሰበ፤ የልጄን ቃል አነበቡ፤ ተማሪው እንዳይባረር፣ ፈተናውንም ሲድን እንዲፈተን ወሰኑ። በልጄ ላይ የወሰኑትን በደብዳቤ ነው የላኩላት፤ ውሏ አይታደስም። የዚያን ደብዳቤ ክብ ማህተም ያህል የደመቀ ማህተም አይቼ አላውቅም።

ሰፈሩ መርማሪው እንዳለው ሆነ። ስማቸውን የሰጠኋቸው ሰዎች ጣቢያ ተጠርተው ቃል ሰጥተው በዋስ ተመለሱ። ስመለስ የደረደርኳቸውን ምድጃዎች ሁሉ ረጋግጠው ጠፍጣፋ አድርገው ጠበቁኝ። ባለሱቁ መንገድ ላይ "የራሷን ሰው የምታሳስር" ብሎ እግሬ ሥር ተፋ። እኔም እግሩ ሥር ተፋሁ። "የኔንም ስም ሰጥቻለሁ" አልኩት። "ያውም ካንተ በፊት።" ለትምህርት ብለው መዶሻቸውን ያስቀምጡ የነበሩት፣ ልጄ የቀሯትን ሳምንታት ስታስተምር ሆን ብለው አጠገባችን እየመጡ ይቀጠቅጡ ነበር። እሷም እየጮኸች አስተማረች። የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ ስትጨርስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

ክንዱ በደንብ አልገጠመም። ጣቢያ ሳይታከም ስላደረ ነው አሉን። አይዘረጋም። በግራ እጁ ነው የሚጽፈው።

ወር ሲሆነው፣ አክስቱ ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ልጄና ጎረቤቴን ይዤ ለይቅርታ ሄድኩ። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው በተበዳይ ፊት የሚቆመው፤ ተበዳዩ ይቅር ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ከሱቄ ጀርባ ከፍ ያለውን መርጬ ነጠላ አንገቴ ላይ አድርጌ ተሸከምኩት። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጎንበስ አልኩ።

ልጁ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ተገልጧል፤ ጠባሳው ግን ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎታል። መጀመሪያ ልጄ ተናገረች፤ አልቅሳ ነው የተናገረችው። "መምህር፣ ይቅር ብያለሁ" አላት። ጎረቤቴ ተናገረች። "እርስዎንም ይቅር ብያለሁ፣ እናቴ፤ እንዲጮኹ ተነግሮዎት ነው" አላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ድንጋዩ አንገቴን እየቆረጠኝ ነው።

"እርስዎን አልችልም" አለኝ።

አክስቱ ደነገጡ። "ኧረ ልጄ! ትልቅ ሰው ናቸው! ድንጋይ ተሸክመው፣ እደጅህ ቆመው! ደግሞስ ያዳኑህ እሳቸው አይደሉም?"

"ማዳናቸውን አውቃለሁ፣ አክስቴ። ግን ሲመቱኝ ዓይናቸውን አይቻለሁ" አለ፣ እኔን እያየ። "ሌሎቹ ተናደው ነበር። እርስዎ ግን ደስ ብሎዎት ነበር።"

ልጄ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ በእጄ አስቆምኳት። ዋሸህ ልለው አልቻልኩም። ፌሮው ሲወርድ በውስጤ የነበረውን አውቀዋለሁ። ያን ሞርሳ ላይ እግሩን የሰቀለውን ሰውዬ ስመታውም ነበር።

"እህቴ፣ አያስገድዱት" አልኩ። "ልክ ነው የተናገረው።"

ቀና አልኩና ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ወጣሁ። መንገድ ላይ ልጄ ተከትላኝ "እማዬ፣ አሁን ጣይው፣ ማንም አያይሽም" አለችኝ።

"አውርጂው አላለኝም" አልኳት።

ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየው። "ማዘር፣ እቃ ነው ወይስ ተሳፋሪ?" አለኝ፤ ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ጎረቤቴም ሳታስበው ሳቀች። እኔ የሁለት ሰው ከፍዬ ድንጋዩን አጠገቤ አስቀመጥኩትና እስከ መርካቶ አብሮኝ ሄደ።